ሎሚ፣ ዘይትና ሰናፍጭ፦ ስለ ሰላጣ ማጣፈጫ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው እሁድ ኮምቦልቻ እህቴ ቤት ምሳ በላሁ። ሰላጣው ያምር ነበር። ቲማቲሙ ቀይ፣ ካሮቱ የተፈቀፈቀ፣ ቅጠሉ ገና ከእጥበት እንደወጣ። ከዚያ እህቴ ከፍሪጅ አንድ ነጭ ጠርሙስ ድሬሲንግ፣ ማለትም የታሸገ የሰላጣ ማጣፈጫ፣ አወጣችና ላዩ ላይ ጨመቀችበት። «እታለም፣ ለጤና ብዬ ነው የገዛሁት። ላይት ይላል፣ ስቡ የቀነሰ ማለት ነው» አለችኝ። ጠርሙሱን አዙሬ ጀርባውን አነበብኩ። ከውሃ ቀጥሎ የተጻፈው ስኳር ነበር። መስኮቱ ስር ደግሞ አንድ ሳህን ሙሉ ሎሚ ተቀምጧል።

እህቴን አልወቀስኳትም። እኔም ደሴ ውስጥ ያንኑ ጠርሙስ ገዝቼ አውቃለሁ። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ጎረቤትም ዘመድም ስለ ሰላጣ ማጣፈጫ ምን እንደሚል ልብ ብዬ ስሰማ ቆየሁ። ብዙው ነገር መስተካከል አለበት።

«ድሬሲንግ የፈረንጅ ነገር ነው፣ እኛ አናውቅበትም»

እናውቅበታለን። እናቶቻችን ቲማቲም ቆራርጠው፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ጨምረው፣ ሎሚ ጨምቀው፣ ዘይት ጠብ አድርገው በጨው ሲያዋህዱት የሠሩት እሱኑ ነው። ስም አላወጡለትም እንጂ።

ነገሩ ሦስት ነገር ይፈልጋል። የሚኮመጥጥ፣ ቅባት ያለውና ጣዕም የሚሰጥ። የሚኮመጥጠው ሎሚ ወይም አቼቶ ነው። ቅባቱ ዘይት፣ አቮካዶ፣ እርጎ ወይም ሰሊጥ ሊሆን ይችላል። ጣዕሙን ነጭ ሽንኩርት፣ ሰናፍጭ፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ቃሪያ፣ ያሻችሁት ይሰጠዋል።

በፈረንጆቹ መጻሕፍት የተለመደው ልክ 3 እጅ ዘይት ለ1 እጅ ኮምጣጣ ነው። ለእኛ ምላስ ይህ ቅባቱ ይበዛል። እኔ 2 ለ1 አደርገዋለሁ። ለ4 ሰው ሰላጣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተበጠበጠ ሰናፍጭ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው። ክዳኑ የሚጠብቅ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ከትቶ ግማሽ ደቂቃ መናጥ ነው። «ጊዜ የለኝም» ለሚል ሰውም ከዚህ የተለየ መልስ የለኝም።

«ዘይቱና ሎሚው ከተለያየ ተበላሽቷል ማለት ነው»

አልተበላሸም። ዘይትና ውሃ በተፈጥሯቸው አይዋሃዱም። ስትንጡት ዘይቱ ወደ ጥቃቅን ጠብታ ይበታተናል፤ ስታስቀምጡት ተመልሶ ይሰበሰባል። እንደገና መናጥ ብቻ ነው። የፋብሪካው ሳይለያይ ወራት የሚቆየው እንደ ዛንታን ጋም ያለ ማወፈሪያ ስለገባበት ነው።

እኛ ቤት ይህን ሥራ የሚሠራ ነገር አለ። ሰናፍጭ! በጾም ጊዜ ከእንጀራ ጋር የምናውቀው፣ ከጥሬ ሥጋም ጋር የሚቀርበው ያው ሰናፍጭ። የዘይቱን ጠብታዎች ይዞ ቶሎ እንዳይሰበሰቡ ያደርጋል።

ግን አበጣጠሩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሰናፍጭ ዱቄት ደረቁን ብትቀምሱት እምብዛም አያቃጥልም። አፍንጫ የሚበሳው ኃይሉ የሚወጣው ውሃ ሲነካው ነው። ያኔ ውስጡ ያለው ኤንዛይም፣ ማለትም ይህን ለውጥ የሚያስጀምረው ነገር፣ ሥራ ይጀምራል። የፈላ ውሃ ካፈሰሳችሁበት ኤንዛይሙ ይሞታል፣ ሰናፍጩም መራራ ሆኖ ይቀራል። ሎሚ ቀድማችሁ ካስገባችሁም ሥራው ይዳከማል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዚያ 10 ደቂቃ መታገስ፣ ከዚያ ሎሚ። እኔ ይህን ቅደም ተከተል ከማወቄ በፊት ገበያው ነው ደካማ ሰናፍጭ የሚሸጥልኝ እያልኩ ሳማርር ነበር።

«የወይራ ዘይት ካልሆነ ለጤና አይሆንም»

የወይራ ዘይት ጥሩ ዘይት ነው። ዋጋው ግን የብዙዎቻችንን ኪስ ይጎዳል። የግድም አይደለም። የሱፍ ዘይት፣ የኑግ ዘይት፣ የሰሊጥ ዘይት አብዛኛው ስባቸው ያልጠገበ፣ ማለትም ለልብ የሚሻለው ዓይነት ነው። የኑግ ዘይት ጣዕሙ ጠንከር ስለሚል ከቀይ ስርና ከጥቅል ጎመን ጋር ይስማማል። ለስላሳ ቅጠል ላይ ግን ይጫነዋል። ተልባን አትርሱ። ኦሜጋ 3 ከሚባለው ስብ በብዛት አለው። አመስ አድርጎ ወቅጦ አንድ ማንኪያ መነስነስ ይበቃል። ተወቅጦ ከቆየ ግን ጣዕሙ ቶሎ ስለሚበላሽ፣ ለዕለቱ የሚሆነውን ብቻ ውቀጡ።

ፓልም ዘይት ሌላ ጉዳይ ነው። ግማሽ ያህሉ የጠገበ ስብ ነው። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ ሲረጋ ሁላችንም አይተናል። ቀዝቃዛ ሰላጣ ላይ ስታፈሱት ምላስ ላይ እንደ ሰም ይለጠፋል። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ያው ዘይት ፈሳሽ ነው። ስለረጋ ተበላሽቷል ወይም ተበርዟል ማለት አይደለም። ለሰላጣ ግን አይመችም። የወይራ ዘይትም በደሴ ብርድ ሊደፈርስ ወይም ሊረጋ ይችላል። ሐሰተኛ ነው ብላችሁ አትጣሉት፤ ሞቅ ሲለው ይጠራል።

«ዘይት የሌለበት ሰላጣ ነው ጤናማው»

ይህ በጣም የሚያሳዝነኝ ነው፤ ሰው ለጤናው ብሎ ራሱን የሚጎዳበት ስለሆነ። ካሮትን ብርቱካናማ፣ ቲማቲምን ቀይ የሚያደርጉት ካሮቲኖይድ የሚባሉ ነገሮች በስብ የሚሟሙ ናቸው። ሰውነታችን ከካሮት ቫይታሚን ኤ የሚሠራውም ከእነዚሁ አንዱን ይዞ ነው። አብሯቸው ስብ ካልገባ አንጀታችን እምብዛም አይወስዳቸውም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የአሜሪካው አዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጥናት ለጥቂት ፈቃደኞች ተመሳሳይ ሰላጣ በሦስት ዓይነት ማጣፈጫ አበላ። አንዱ ስብ የሌለው፣ አንዱ 6 ግራም፣ አንዱ 28 ግራም ዘይት ያለው። ስብ የሌለውን ሲበሉ ወደ ሰውነታቸው የገባው ካሮቲኖይድ ከምንም የማይቆጠር ነበር።

ሎሚውም የራሱ ሥራ አለው። ቫይታሚን ሲ ከምስርና ከቅጠላ ቅጠል የሚገኘውን ብረት ሰውነት በተሻለ እንዲወስደው ያግዛል። በጾም ወቅት የምስር ሰላጣ ላይ ሎሚ መጭመቅ እናቶች ያወረሱን መልካም ልማድ ነው። ቢቀጥል ደስ ይለኛል።

«ላይት ከተባለ ይሻላል»

ስብ ሲወጣ ጣዕሙም ይወጣል። እሱን ለመሙላት ብዙ ጊዜ ስኳር፣ ስታርችና ጨው ይጨመራል። ከፊት ያለውን ትልቁን ጽሑፍ ተዉትና ጀርባውን አንብቡ። ቅመሞቹ የሚደረደሩት ከሚበዛው ወደሚያንሰው ነው። ሶድየም የሚለውን ቁጥር በ2.5 ስታባዙት የጨው መጠኑን ታገኛላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን የሚመክረው ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ነው። ወጡም፣ ዳቦውም፣ በርበሬውም ጨው አላቸው።

«የታሸገ ሁሉ መርዝ ነው»

አይደለም። የተፈቀደ ማቆያ በተፈቀደ መጠን የገባበት፣ ቀኑ ያላለፈ ጠርሙስ አይመርዝም። እንግዳ ድንገት ቢመጣና ብትጠቀሙበት ኃጢአት የለውም። የእኔ ጉዳይ ስኳሩና ጨው ነው፤ ዋጋውም አለ። የራሳችሁን ስትሠሩ ልኩን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።

«ቤት ከተሠራ የፈለግነውን ያህል ብንጨምር ችግር የለውም»

ይህ ደግሞ ተቃራኒው ስህተት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ኑግም ሆነ ወይራ፣ 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ከጠርሙስ በዓይን ግምት ሲፈስ 4 ማንኪያ መሆኑ አይታወቅም። በማንኪያ ለኩ። ማር የምትጨምሩ ከሆነ እሱም ከስኳር ነፃ አይደለም፤ ለ4 ሰው አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ዕድሜው 1 ዓመት ላልሞላ ሕፃን ደግሞ ማር የገባበትን ማንኛውንም ነገር ማቅመስ አይገባም። ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ መመረዝ የሚያመጣ ተሕዋስ ዘር ሊኖርበት ይችላል፣ የሕፃን አንጀት ደግሞ ሊከላከለው አይችልም።

«ማዮኔዝ ነጭ ስለሆነ እንጂ ዘይት ነው፣ ለጾም ይሆናል»

ዘይት መሆኑ እውነት ነው። ዘይቱን የያዘው ግን የእንቁላል አስኳል ነው። እንቁላል የሌለበት መሆኑ በግልጽ ካልተጻፈ በቀር የጾም አይደለም። ሬንች የሚባለው ነጩ ድሬሲንግም በአብዛኛው የወተት ተዋጽኦ አለበት። ቤት ውስጥ ማዮኔዝ የምትሠሩ ደግሞ ጥሬ እንቁላል ሳልሞኔላ የሚባለውን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊይዝ እንደሚችል አስቡ። እኔ የተቀቀለ አስኳል አፍርሼ በእርጎና በሎሚ እበጠብጠዋለሁ።

ለጾም የሚሆን ነጭ፣ ወፈር ያለ ማጣፈጫ ከፈለጋችሁ ሱፍ አለላችሁ። ለሱፍ ፍትፍት እንደምታደርጉት ፍሬውን ቀቅሉ፣ ውቀጡ ወይም ፍጩ፣ በውሃ በጥብጣችሁ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉ። ውሃውን ከፍትፍቱ ቀነስ አድርጉት፤ ወተቱ ይወፍራል። ከዚያ ዝንጅብል፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ጨው። ለረመዳን ኢፍጣርም ሠርቼው ጎረቤቶቼ ከሳምቡሳው ጎን ላለው ሰላጣ ወደውታል። ጨጓራ ያለባት ጎረቤቴ ቃሪያውና ሎሚው ይነሳባታል፤ ለእሷ አቮካዶ በእርጎ እፈጭላታለሁ።

«ነጭ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ከገባ ለወራት ይቆያል»

እባካችሁ ይህን በጥንቃቄ አንብቡ። ነጭ ሽንኩርት ከአፈር የሚወጣ ነው። የቦቱሊዝም ተሕዋስ ዘር ሊኖርበት ይችላል። ይህ ተሕዋስ የሚያድገው አየር በሌለበት፣ ኮምጣጣ ባልሆነ ቦታ ነው። ዘይት ነጭ ሽንኩርቱን ሲሸፍነው የፈጠርንለት ልክ ያንን ነው። መርዙ ሽታም ቀለምም ላይለውጥ ይችላል፤ ነርቭን ያዳክማል፣ ሊገድልም ይችላል። ስለዚህ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ዘፍዝፋችሁ መደርደሪያ ላይ አታስቀምጡ። ለዕለቱ የሚሆነውን ሥሩ። ከተረፈ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከ4 ቀን ላይበልጥ።

«ሎሚና አቼቶ ጀርሙን ስለሚገድሉት ሰላጣው ባይታጠብም ግድ የለም»

ሎሚ ይህን ያህል አቅም የለውም። የወስፋት እንቁላል በሎሚም በአቼቶም ተዘፍዝፎ ይተርፋል። አብዛኛውን የሚያስወግደው ቅጠል በቅጠል፣ በሚወርድ ንጹሕ ውሃ ማጠብ ነው። የቧንቧ ውሃው ካላስተማመነ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። እዚህ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ይለያያሉ። ከ2,000 ሜትር በላይ ውሃ ባነሰ ሙቀት ስለሚፈላ፣ ደሴ ላይ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 3 ደቂቃ መቆየት አለበት። 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ላለችው ኮምቦልቻ 1 ደቂቃ ይበቃል።

«አቼቶ ስብ ያቀልጣል»

አያቀልጥም። በባዶ ሆድ መጠጣቱ ጥርስንና ጨጓራን ሊጎዳ ይችላል እንጂ ቦርጭ አያጠፋም።

«ፍሪጅ ውስጥ እስካለ ድረስ አይበላሽም»

መብራት ሲጠፋስ? እርጎ ወይም አቮካዶ ያለበትን እኔ ከ2 ቀን በላይ አላስቀምጥም፤ ከፍሪጅ ውጪ 2 ሰዓት ከቆየ ደግሞ ይደፋል። የኮምቦልቻ ሙቀት የደሴን ብርድ ያህል አይታገስም። ሎሚ፣ ዘይትና ጨው ብቻ ያለው ትንሽ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ጣዕሙ ከ3 ቀን በኋላ ይሞታል።

እህቴ ነጩን ጠርሙስ ጨርሳ በማርማላታ ጠርሙስ ጀምራለች። ክዳኑ ላይ ፕላስተር ለጥፋ የሠራችበትን ቀን በእስክሪብቶ ትጽፍበታለች። ትናንት ደውላ ሰናፍጩ አላቃጥል አለኝ ስትለኝ፣ ውሃው ፈልቶ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ፈልቶ ነበር።