ፕሮቴክቶሬት ምንድን ነው? ስለ ውጫሌ ውል የሚደጋገም ስህተት

«ከ1889 እስከ ዓድዋ ኢትዮጵያ በሕግ ፊት የኢጣሊያ ቅኝ ነበረች፤ እንግሊዝ ሳትቀር አውቃዋለች።» ይህ አባባል ሰሞኑንም ከአንድ ተንታኝ አፍ ወጣ። መነሻው ምኒልክና ኢጣሊያ በ1889 የተዋዋሉት የውጫሌ ውል ነው። አጭር ነው፣ ግን ፕሮቴክቶሬትን ከቅኝ ግዛት፣ የጎረቤትን ዕውቅና ደግሞ ከባለቤቱ ፈቃድ ጋር ያምታታል። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በፕሮቴክቶሬት አንድ መንግሥት የውጭ ግንኙነቱን፣ አንዳንዴም መከላከያውን፣ በውል ለሌላው ይሰጣል። መንግሥትነቱ ግን አይጠፋም። ሞሮኮ በ1912 በፈስ ውል በፈረንሳይ ጥበቃ ሥር ገባች፤ ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት በ1952 እንዳለው በዚያም ጊዜ የመንግሥትነት ሰብእናዋን አላጣችም። በእርግጥ ከአካባቢ ገዥዎችና ባላባቶች ጋር የተፈረሙት «የቅኝ ፕሮቴክቶሬቶች» እንደ መንግሥታት ውል ሳይሆን በሌላ ሚዛን ይታያሉ። ይኸው ፍርድ ቤት በ2002 በካሜሩንና ናይጄሪያ ክርክር እንግሊዝ በ1884 በዛሬዋ ናይጄሪያ ከኦልድ ካላባር ገዥዎች ጋር የፈረመችውን ውል የመዘነው በዚያ ነው። ምኒልክ ግን ከኢጣሊያ ጋር የተዋዋሉት የንጉሠ ነገሥት መንግሥት ሆነው ስለሆነ ያኛው ሚዛን እዚህ አይሠራም።

ስለ ውጫሌ ውል አንቀጽ 17 የአማርኛና የጣልያንኛ ቅጂ ልዩነት (አማርኛው «ይቻላቸዋል» ይላል፣ ጣልያንኛው ግን እንደ ግዴታ ተነቧል) ብዙ ተብሏል፣ አልደግመውም። እምብዛም የማይነሳው የጣልያንኛው ቅጂ ራሱ «ፕሮቴክቶሬት» አለማለቱ ነው። የሚለው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት ለመገልገል ተስማምተዋል ነው። ይህ ቢበዛ ውክልና ነው። ወኪል ለባለቤቱ ይፈርማል፣ ደብዳቤ ይቀበላል፤ ስመ ሀብቱ ግን አይዞርለትም። ወኪሉ ጎረቤቶችን ሰብስቦ «ግቢው በእጄ ነው» ቢልና እነሱም «እሺ፣ ወደዚያ አንሻገርም» ብለው ቢፈርሙ፣ በእነሱና በወኪሉ መካከል ግዴታ ይፈጠራል፤ ባለቤቱ ላይ ግን ምንም አይፈጠርም። ንጽጽሩ የማይሄድባቸው ቦታዎችም አሉ። በመንግሥታት መካከል እንደ ውልና ማስረጃ ያለ መዝጋቢ የለም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ መንግሥት ለየራሱ ያውቃል ወይም አያውቅም። ውክልናም በፈለጉት ቀን ይሻራል፤ ውል ግን የራሱን የማፍረሻ መንገድ ይዞ ይመጣል።

ኢጣሊያ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ውሉ በግንቦት 1889 ተፈረመ፤ ጥቅምት 11 ቀን ደግሞ ኃያላኑ በ1885 ስለ አፍሪካ የፈረሙትን የበርሊኑን ስምምነት አንቀጽ 34 ጠቅሳ ለእነሱ አስታወቀች። አንቀጹ የሚናገረው ስለ አፍሪካ ጠረፎች ነው፤ የማስታወቂያው ዓላማም ሌሎቹ ፈራሚዎች የራሳቸው ጥያቄ ካላቸው እንዲያቀርቡ ነው። ኢትዮጵያ ፈራሚ አልነበረችም። ማስታወቂያ መላክ ማስታወቅ እንጂ መብት ማግኘት አይደለም።

ጎረቤቶቹስ እንዴት አዩት? እንግሊዝ በ1890 ለምኒልክ ደብዳቤ ስትመልስ ግንኙነቱ በኢጣሊያ በኩል እንዲሆን ጠየቀች። መጋቢት 24 እና ሚያዝያ 15 ቀን 1891 ደግሞ ከኢጣሊያ ጋር ሁለት ፕሮቶኮሎች ፈረመች። የመጀመሪያው ፕሮቶኮል የሁለቱን ወገን የሚለየው መስመር ከጁባ ወንዝ አፍ ተነስቶ ወንዙን ይዞ እስከ 6 ዲግሪ ሰሜን ይወጣል፤ ከዚያ በዚያው ኬክሮስ እስከ 35 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ቀጥሎም በዚያ ኬንትሮስ እስከ ዓባይ ይደርሳል። ሰነዱ የሚለው «የተጽዕኖ ክልል» ነው፤ ይህም ሁለቱ ፈራሚዎች አንዳቸው በሌላው ወገን እንዳይገቡ መማማል ማለት ነው። በግንቦት 1894 ሐረርን ለኢጣሊያ ክልል የሚሰጥ ሌላ ፕሮቶኮል ሲመጣ ፈረንሳይ ተቃወመች፤ በ1888 ከእንግሊዝ ጋር ሐረርን ማንም እንዳይጠቀልል ተስማምታ ነበርና። ሩሲያ ከመጀመሪያውም የኢጣሊያን ጥያቄ አልተቀበለችውም።

ስለዚህ «ዓለም አውቆታል» ማለት ምን ማለት ነው? ቋሚው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት (ከዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት በፊት የነበረው) በ1923 በቱኒስና በሞሮኮ የዜግነት ድንጋጌዎች ጉዳይ ላይ ነገሩን ቁልጭ አድርጎታል፦ የጠባቂው ሥልጣን የሚለካው መጀመሪያ ከተጠባቂው ጋር ባለው ውል ነው፤ ቀጥሎ ውሉ በሚጠቀስበት ሦስተኛ መንግሥት ዕውቅና ሁኔታ ነው። የመጀመሪያው ከሌለ ሁለተኛው አይተካውም።

ተቃራኒው ወገንም ይስታል። «ወረቀቶቹ ዋጋ ቢስ ነበሩ» ማለት ትክክል አይደለም፤ በፈራሚዎቹ መካከል ይሠሩ ነበር፣ የምኒልክንም የመልእክት መንገድ አጥብበዋል። ምኒልክ ይህን ስላወቁ በ1890 ለኢጣሊያ ንጉሥ ለኡምቤርቶ ተቃውሟቸውን ጻፉ፤ በሚያዝያ 1891 ወሰናቸውን ለኃያላኑ በደብዳቤ አሳወቁ። በየካቲት 1893 ደግሞ ውሉን መልቀቃቸውን አስታወቁ። አንቀጽ 16 ውሉ ከአምስት ዓመት በኋላ እንዲሻሻል ይፈቅዳል፤ ማስታወቂያው ግን ዓመት ቀደም ብሎ መድረስ አለበት። አምስቱ ዓመት በግንቦት 1894 ይሞላ ነበር። ከጦርነቱ በፊት በሕጉ መንገድ መሄዳቸው ሊደነቅ የሚገባው ሥራ ነው።

ጥቅምት 26 ቀን 1896 በአዲስ አበባ ውል ውጫሌ ፈረሰ፤ ኢጣሊያም የኢትዮጵያን ነጻነት ያለ ገደብ አወቀች። የጎረቤቶቹ ልማድ ግን ቀጠለ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ በታኅሣሥ 1906 ስለ ኢትዮጵያ ያለ ኢትዮጵያ ፈረሙ፤ ምኒልክም ስምምነቱ ሉዓላዊ መብታቸውን እንደማይገድብ በጽሑፍ አስታወቁ። በ1925 እንግሊዝና ኢጣሊያ በኢትዮጵያ ስላላቸው ጥቅም እንደገና ያለ እሷ ደብዳቤ ሲለዋወጡ ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆና ሁለት ዓመት አልፏት ነበር። አልጋ ወራሽ ተፈሪ በ1926 ለማኅበሩ አቤት አሉ፤ ሁለቱ መንግሥታትም ኢትዮጵያን የማስገደድ ሐሳብ እንደሌላቸው ለመመለስ ተገደዱ።