«የግሩሚንግ ጋንግ» ክርክር ምንድን ነው?

እንግሊዝ አገር ስለ ስደተኞች ክርክር በተነሳ ቁጥር «ግሩሚንግ ጋንግ» የሚለው ነገር አብሮ ይነሳል። እዚያ ዘመድ ያለው ሰው ቲክቶክ ላይ ሳያየው አይቀርም። በ2025 የእኛም አገር ስም ስለገባበት ጉዳዩን በቅጡ ማወቅ ይገባናል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ግሩሚንግ አንድ አዋቂ ልጅን ቀስ በቀስ አለማምዶ ለወሲብ ጥቃት የሚያመቻችበት መንገድ ነው። ሲጀመር ጉልበት የለበትም። ስጦታ፣ የሚበላ ነገር፣ በመኪና መንሸራሸር ይቀድማል። ከዚያ መጠጥና አደንዛዥ ዕፅ ይከተላል። ልጅቷ ፍቅረኛ ያገኘች ይመስላታል። ሰውየው ከቤተሰቧና ከጓደኞቿ ይነጥላታል። አንድ ቀን ውለታውን እንድትከፍል ይጠይቃታል፣ ለጓደኞቹም አሳልፎ ይሰጣታል። እምቢ ስትል ዛቻና ዱላ ይመጣል። ይህን ተደራጅተው በቡድን ሲያደርጉት ነው ጋንግ የሚባሉት።

ክርክሩን ያጋጋለችው በሰሜን እንግሊዝ የምትገኘው ሮዘራም ናት። ፕሮፌሰር አሌክሲስ ጄይ በ2014 ባወጡት ሪፖርት መሠረት፣ ከ1997 እስከ 2013 ድረስ በዚያች ከተማ ዝቅ ተደርጎ ሲገመት እንኳ 1,400 ያህል ልጆች የወሲብ ብዝበዛ ደርሶባቸዋል። ከአጥቂዎቹ አብዛኞቹ የፓኪስታን ዝርያ ያላቸው ወንዶች ነበሩ።

ይህ ሁሉ ዓመት እንዴት ዝም ተባለ? እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ብዙዎቹ ልጆች ከተቸገረ ቤት የመጡ ወይም በመንግሥት ማሳደጊያ ያሉ ነበሩ። ፖሊስ ይንቃቸው ነበር። እንደ ተጎጂ ሳይሆን ወደው እንደገቡበት ባለጌ ነበር የሚያያቸው። ሁለት አባቶች ልጆቻቸው ያሉበትን ቤት በራሳቸው አፈላልገው ሊያወጧቸው ሄዱ። ፖሊስ ሲመጣ የታሰሩት አባቶቹ ነበሩ።

በዚህ ላይ ፍርሃት ተጨመረበት። አንዳንድ ሠራተኞች የአጥቂዎቹን ዘር ብንጠቅስ ዘረኛ እንባላለን ብለው ይሰጉ ነበር። አንዳንዶቹም እንዳይጠቅሱ ከአለቆቻቸው በግልጽ ተነግሯቸዋል። መንግሥት የላካቸው መርማሪ ባሮነስ ሉዊዝ ኬሲ የሮዘራምን ማዘጋጃ ቤት ሲመረምሩ አንድ የሕፃን ፋይል ላይ «ፓኪስታናዊ» የሚለው ቃል በነጭ ማጥፊያ ተሸፍኖ እንዳገኙ ተናግረዋል። የልጅ ሕይወት እየጠፋ ቃል ማጥፋት!

መድብለ ባህል ላይ፣ ማለትም የተለያዩ ማኅበረሰቦች ባህላቸውን እንደያዙ አብረው ይኑሩ በሚለው አካሄድ ላይ፣ የሚሰነዘረው ትችት የሚነሳው ከዚህ ነው። በእኔ እምነት ግን ጠንካራው ትችት ብዙ ጊዜ አይነሳም። ባለሥልጣናቱ ከፓኪስታናዊው ማኅበረሰብ ጋር ይነጋገሩ የነበረው በኢማሞችና በተመራጮች በኩል ነው። ሁሉም ለማለት ይቻላል ወንዶች ናቸው። የማኅበረሰቡን ሴቶች የጠየቃቸው የለም። ከእነሱ ቤትም የተጠቁ ልጃገረዶች ነበሩ፣ ነውር ይሆናል ተብሎ ግን አፋቸው ተዘግቷል። «ሽማግሌዎቹን አነጋግረናል» ተብሎ ነገር ሲዳፈን እኛም የምናውቀው ነው።

ሮችዴል በምትባል ሌላ ከተማ ደግሞ አንዲት ልጅ በ2008 ለፖሊስ ብትናገርም ዓቃቤ ሕግ ክሱን ተወው። በ2011 ውሳኔውን ሽረው ፋይሉን ያስከፈቱት ወላጆቻቸው ከፓኪስታን የመጡት የአካባቢው ዋና ዓቃቤ ሕግ ናዚር አፍዛል ናቸው። በ2012 ዘጠኝ ሰዎች ተፈረደባቸው። አንድን ዘር በሙሉ ተጠያቂ የሚያደርግ ሰው ይህን ታሪክ ይዘለዋል።

በአገር ደረጃስ አጥቂዎቹ እነማን ናቸው? በ2020 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር አብዛኞቹ ነጮች ሳይሆኑ አይቀሩም የሚል ሪፖርት አወጣ። ኬሲ በ2025 ባካሄዱት ምርመራ ግን መረጃው እንዲህ ለማለት እንደማያበቃ አሳዩ። ከአጥቂዎቹ የሁለት ሦስተኛዎቹ ዘር ጭራሽ አልተመዘገበም። በሦስት አካባቢዎች የፖሊስ መረጃ ግን የደቡብ እስያ ዝርያ ያላቸው ወንዶች ከሕዝብ ቁጥራቸው በላይ ጎልተው ታይተዋል። ይህን መካድ አይቻልም። ከሦስት አካባቢዎች ተነስቶ ስለ አገሩ ሁሉ መናገርም አይቻልም። ባዶውን ቦታ እየሞላ ያለው ወሬ ነው። በጥር 2025 ኢሎን መስክ በኤክስ ገጹ ነገሩን ሲያራግበው ዓለም ሁሉ ተንጫጫ። ጠቅላይ ሚኒስትር ኪር ስታርመር መጀመሪያ አገር አቀፍ አጣሪ ኮሚሽን አያስፈልግም ቢሉም በሰኔ ተቀበሉት።

የእኛ ስም የገባው በሐምሌ ነው። ለንደን አጠገብ ባለችው ኤፒንግ፣ በጀልባ ከመጣ ጥቂት ቀን የሆነው ኢትዮጵያዊ ጥገኝነት ጠያቂ የ14 ዓመት ልጅ ላይ ወሲባዊ ጥቃት በመፈጸም ተከሰሰ። ስደተኞች የሚኖሩበት ሆቴል በተቃዋሚ ተከበበ፣ ሰልፉም ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። ሰውየው ጥፋተኛ ተብሎ 12 ወር ተፈረደበት፣ በጥቅምት ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ። ይህ የጋንግ ወንጀል አልነበረም፣ በወሬው ግን ከሮዘራም ጋር ተቀላቀለ። ልጅቷ ተጎድታለች፣ ቅጣቱ ተገቢ ነው። «አገራችንን አሰደበ» ብለን ብቻ ከተናደድን ግን እኛም የሮዘራም አለቆች የሠሩትን መሥራታችን ነው፤ ከልጅቷ ይልቅ ለስማችን ተጨነቅን ማለት ነው።

ኬሲ ካቀረቧቸው ምክሮች አንዱ የተጠርጣሪዎች ዘርና ዜግነት በግዴታ እንዲመዘገብ ነው። ሌላው፣ ከ16 ዓመት በታች ካለ ልጅ ጋር ግንኙነት የፈጸመ አዋቂ፣ ልጁ ፈቅዶ ነበር ሳይባል፣ በአስገድዶ መድፈር እንዲከሰስ ነው። እየተበዘበዙ ሳለ በወንጀል የተፈረደባቸው ልጆች መዝገብም እንደገና ተመርምሮ ፍርዱ እንዲሻርላቸው ጠይቀዋል። እነዚያ ልጆች ዛሬ አዋቂዎች ናቸው፣ ሥራ ሲያመለክቱ ያ መዝገብ ሲከተላቸው ኖሯል።