ዱላ፣ ፍቺና ልጅ ማሳደግ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቡና ላይ የሚሰጥ የሕግ ምክር ብዙ ነው። ጎረቤት፣ አክስት፣ የነፍስ አባት፣ ሁሉም ስለ ፍቺ የሚያውቀው ነገር አለው። ግማሹ ከተሻረ ሕግ የተረፈ ነው። ግማሹ ደግሞ መቼም ሕግ ሆኖ አያውቅም። ቤቱ ውስጥ ዱላ ካለና መሃል ላይ ልጆች ካሉ ይህ ምክር ብዙ ያስከፍላል።

እዚህ የምጠቅሰው የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992ን ነው። የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና ሌሎችም ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ብዙው ነገር ይመሳሰላል፤ ቢሆንም የክልላችሁን አይታችሁ አረጋግጡ። የወንጀል ሕጉ ግን ለሁሉም አንድ ነው። ደግሞም ብዙውን ጊዜ የምትመታው ሚስት ስለሆነች «እሷ» እያልኩ እጽፋለሁ እንጂ ሕጉ ለሁለቱም ነው።

«ልጅ እስከ 5 ዓመቱ ለእናት፣ ከዚያ በኋላ ለአባት»

ይህኛው ከየት እንደመጣ ይታወቃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 681፣ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር ልጅ እስከ 5 ዓመቱ ከእናቱ ጋር ይሁን ይል ነበር። ከዚያ በኋላ ለአባት ይሰጥ ግን እሱም አላለም፤ ያንን የጨመረው ሰው ነው። የ1992ቱ ሕግ የ5 ዓመቱን ድንበር ጨርሶ ትቶታል። አሁን የሚሠራው አንቀጽ 113 ነው። ዳኛው የሁለቱን ወላጆች ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የአኗኗር ሁኔታ፣ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም ያያል። የሚጠባ ልጅ ከእናቱ ጋር ቢቆይ ለልጁ ስለሚበጀው ነው እንጂ በሕግ የተቆረጠ ዕድሜ ስላለ አይደለም።

«እሷን ነው የመታው፤ ልጁን አልነካም። አባትነቱ ላይ ምን ያመጣል?»

እዚህ ላይ ሕጉ ራሱ ለወሬው በር ከፍቷል። አንቀጽ 113 ዱላን በስሙ አይጠራም። የትዳር ጓደኛውን የሚደበድብ ወላጅ ልጅ እንዳያሳድግ በግልጽ የሚል ቃል የለበትም። ትልቅ ጉድለት ነው ባይ ነኝ።

ነገር ግን «የአኗኗር ሁኔታ» እና «የልጆች ጥቅም» ሰፊ ቃላት ናቸው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36፣ ልጆችን በሚመለከት ውሳኔ ሁሉ ቅድሚያ የሚታየው የልጁ ደህንነት ነው ይላል። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት (የሕግ ስህተትን መጨረሻ ላይ የሚያየው ችሎት) በ2000 ዓ.ም. ይህንኑ መሠረት አድርጎ አንድ ከባድ ጉዳይ ወስኗል። እናት ሞታለች። ልጁን ሲያሳድግ ያልኖረው አባት «አባት ነኝና ሞግዚትነቱ ይገባኛል» ብሎ መጣ። ችሎቱ ለአባት ሳይሆን ላሳደገችው አክስቱ ፈረደ። ጉዳዩ ስለ ዱላ አልነበረም። ወላጅ መሆን ብቻውን እንደማይበቃ ግን ለሥር ፍርድ ቤቶች ሁሉ ነግሯል፤ የሰበርን የሕግ ትርጉም የመከተል ግዴታ አለባቸውና። እናቱ ስትደበደብ እየሰማ የሚያድር ልጅ ጥቅሙ ተጠብቆለታል ብሎ የሚከራከር ጠበቃ ሥራው ቀላል አይሆንም።

ዋናው ችግር ዱላው መዝገቡ ውስጥ አለመግባቱ ነው። የፍቺ አቤቱታ ያየ ሰው ይህን ዐረፍተ ነገር ያውቀዋል፦ «በመካከላችን በተፈጠረ የባሕርይ አለመጣጣም ምክንያት አብረን መኖር ስላልቻልን»። ፍርድ ቤት ደጃፍ ያለው ራፖር ጻፊ በቃሉ ይወጣዋል። ጥርሷ የወለቀባት ሴት አቤቱታና በሰላም የተለያዩ ሰዎች አቤቱታ ቁርጥ አንድ ይሆናሉ። ገበናን ላለማውጣት ነው፤ ይገባኛል። ለመፋታት ምክንያት መዘርዘርም የግድ አይደለም። ግን የልጆቹ ነገር ሲነሳ ዳኛው ፊት ያለው ያ «የባሕርይ አለመጣጣም» ብቻ ነው። ዱላው ያኔ ገና ሲወራ «ልጅ ለመውሰድ የፈጠረችው ነው» ይባላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው አቤቱታ ላይ ይጻፍ። መቼ እንደሆነ፣ ልጆቹ የት እንደነበሩ፣ ማን ደርሶ እንደገላገለ፣ ሁሉም ይግባ።

«የባልና ሚስት ጠብ ፖሊስን አይመለከተውም»

ይመለከተዋል። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564፣ በሰው አካልና ጤንነት ላይ የሚደርስ ጉዳትን የሚቀጡት አንቀጾች በትዳር ጓደኛ ላይም እንደሚሠሩ በግልጽ ይናገራል። ሳይጋቡ አብረው ለሚኖሩም እንደዚያው ነው። ከባድ ጉዳት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ቀላል የሚባለው ጉዳት ግን የሚያስከስሰው ተጎጂው ሲያመለክት ነው። ማመልከቻውም በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። «ቆይ መጀመሪያ እናናግረው» እየተባለ ይህች 3 ወር ስታልቅ ማየት ያናድዳል።

ፖሊስ ጣቢያ ስትሄዱ ለሐኪም የሚጻፍ ደብዳቤ ጠይቁ። ሰንበር በሳምንት ይጠፋል። ሐኪሙ ያየውን የጻፈበት ማስረጃ ግን ይቆያል፤ ለወንጀሉም ለልጆቹ ክርክርም ያገለግላል። (ወንጀል ሕጉም ቀዳዳ አለው። የመድፈር አንቀጹ 620 «ከጋብቻ ውጭ» ስለሚል ባል ሚስቱን ቢያስገድድ በዚያ አንቀጽ አይጠየቅም።)

«ከቤት ከወጣሽ ልጅሽንም ቤትሽንም አጣሽ»

ስንቷን በዱላ ቤት አስቀምጧት የኖረ አባባል ነው። በትዳር የተፈራ የጋራ ንብረት ወጥታም የጋራ ነው። «ጥላ ወጣች» የሚባል መመዘኛም አንቀጽ 113 ላይ የለም።

ሆኖም ወሬው ያለ ምክንያት አልተወለደም። እናት ልጆቹን ትታ ወጥታ ወራት በዝምታ ካለፉ ልጆቹ ያንን ኑሮ ይለምዱታል። ዳኛ ደግሞ የለመዱትን ማናጋት አይወድም። መውጣቱ ሳይሆን ወጥቶ ዝም ማለቱ ነው የሚጎዳው። የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ በአንቀጽ 82 መሠረት ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚሆኑ፣ ስለ ቀለብና ስለ ንብረቱ አስተዳደር ወዲያውኑ ጊዜያዊ ትዕዛዝ ይሰጣል። ፍቺው እስኪወሰን ከሁለቱ ማን ከቤት ይውጣ የሚለውንም የልጆቹን ጥቅም አይቶ መወሰን ይችላል። የሚወጣው እሱ ሊሆን ይችላል ማለት ነው! ይህን የሚጠይቅ ሰው ግን ጥቂት ነው።

መውጣቱ የግድ ከሆነ ልጆቹን ይዞ መውጣት፣ ከዚያም የጋብቻና የልደት ሰርተፍኬት፣ የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት ደረሰኝ አለመርሳት ነው። መጠጊያ ለሌላት፣ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ከልጆቿ ጋር የሚቀበል መጠለያ አለው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ደግሞ ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

«ሽማግሌ ሳይጨርሰው ፍርድ ቤት አይቀበልም»

የቀረ ነገር ነው። በድሮው ሕግ ፍቺን ይወስኑ የነበሩት የቤተሰብ ሽማግሌዎች ናቸው። አሁን የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ዳኛው ለማስታረቅ ይሞክራል፤ እስከ 3 ወር ማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል። ለምትደበደብ ሴት ያ 3 ወር ረጅም ነው። ጊዜያዊ ትዕዛዙን ከአቤቱታው ጋር አብሮ መጠየቅ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

«ገቢ ከሌላት ልጅ አይሰጣትም»

ገቢ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ብቻ ነው። ቀለብ የተባለውም ለዚሁ ነው፤ ልጁ ከእናቱ ጋር ቢኖርም አባት እንደ አቅሙ ይከፍላል። የዳኝነት መክፈያ ካጣችም በደሃ ደንብ፣ ማለትም ዳኝነት ሳትከፍል፣ ለመክሰስ ማመልከት ትችላለች።

«ቀለብ ካልከፈለ ልጁን አያያትም»

ቀለብ መክፈልና ልጅን ማየት አይያያዙም። ልጅና ወላጅ የሚገናኙበት መብት የልጁም ጭምር ነው። ያልተከፈለ ቀለብ በአፈጻጸም፣ ማለትም ውሳኔው በግድ እንዲፈጸም በማመልከት፣ ይጠየቃል፤ አባት ደመወዝተኛ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ከደመወዙ ያስቆርጣል።

ይልቅ መታሰብ ያለበት ርክክቡ ነው። ከተፋቱም በኋላ ድብደባው የሚቀጥለው ብዙ ጊዜ እሑድ እሑድ፣ ልጅ ሊወስድ በር ሲያንኳኳ ነው። «አባት በሳምንት አንድ ቀን ያያል» የሚል ውሳኔ ሰዓቱንና ቦታውን ለሁለቱ ይተዋል። ስለዚህ በጽሑፍ ጠይቁ፦ ርክክቡ በሦስተኛ ሰው በኩል፣ ለምሳሌ አያት ቤት፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ልጁን ማን እንደሚያደርስና ማን እንደሚመልስ። ሳይጠየቅ ቀርቶ ከተወሰነም አልረፈደም። ሁኔታው ከተለወጠ በዚያው በአንቀጽ 113 መሠረት አንዱ ወገን ሲያመለክት፣ ወይም ፍርድ ቤቱ በራሱ፣ ውሳኔውን እንደገና ያየዋል።