ከሐዋሳ ሆኖ ከውጭ አገር ተማሪዎች ጋር በኦንላይን መማር

በሁለት አገር ያሉ መምህራን ኮርሶቻቸውን ለጥቂት ሳምንታት አገናኝተው ተማሪዎቻቸውን አንድ ሥራ በጋራ ሲያሠሩ ትምህርቱ ኮይል (COIL፣ በኦንላይን የሚሰጥ ዓለም አቀፍ የጋራ ትምህርት) ይባላል። አሠራሩ በዚህ ስም የታወቀው የኒውዮርክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2006 የኮይል ማዕከል ካቋቋመ ወዲህ ነው። ቪዛም ሆነ የአውሮፕላን ትኬት አይጠይቅም፤ ተማሪው በራሱ ዩኒቨርሲቲ ይመዘገባል፣ ውጤቱንም የሚሰጠው የራሱ መምህር ነው። የውጭ አገር መምህር በዙም ገብቶ ሌክቸር መስጠቱ ብቻውን ኮይል አያሰኘውም። ዋናው ነገር አንዱ ወገን ለብቻው ሊጨርሰው የማይችል ሥራ መኖሩ ነው።

ሐዋሳ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የታደለች ናት። ሐይቋ ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ እንዲያም ሆኖ ውኃው ጨዋማ አይደለም። የኬንያው ናይቫሻ ሐይቅም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሐይቃቸውን ፒኤች (የውኃው አሲድነት መለኪያ) እና የሟሟ ጨው መጠን የሚያመለክተውን የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ አቅም ለክተው፣ ኬንያውያኑም የናይቫሻን ለክተው ልዩነቱን በአንድ ሪፖርት ቢያብራሩ ጥሩ የጋራ ሥራ ይወጣዋል። አንዱ ቡድን ቁጥር ካላመጣ ሌላው የሚያነጻጽረው አይኖርም።

የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ልኬቱ ላይ ነው። አንዱ ቡድን ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ ከለካ ንጽጽሩ ያሳስታል፤ ፀሐይ ሲበረታ አልጌ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ስለሚጠቀም ፒኤቹ ከፍ ይላል። የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ አቅሙም በሁለቱም በኩል ለ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የውኃ ሙቀት ተስተካክሎ መመዝገብ አለበት። መምህራኑ የልኬቱን ሰዓት፣ ጥልቀትና መለኪያ አሃድ ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ቢስማሙ ይሻላል።

ሥራው ከ4 እስከ 8 ሳምንት ቢይዝ ይበቃል። የመጀመሪያው ሳምንት ለትውውቅ ነው፤ ይህን ሳምንት ቆርጦ ወደ ሥራ መግባት ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፣ ግን የማይተዋወቁ ልጆች ሲቸገሩ አይጠያየቁም። በአንድ ቡድን ከየወገኑ 2 ወይም 3 ተማሪ ይመደባል።

ቀጠሮ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ኢትዮጵያና ኬንያ ሰዓታቸው አንድ ነው፤ በስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጠረው እንደ እኛው ከንጋት ነው። በእንግሊዝኛ ሲጻጻፉ ግን የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት 9 ስለሚሆን ቀጠሮው በዓለም አቀፍ አቆጣጠር፣ ቀኑም በፈረንጆች ካላንደር ይጻፍ። አጋሩ ጀርመን ከሆነ ልዩነቱ በቅዝቃዜው ወራት 2 ሰዓት፣ በሙቀቱ ወራት 1 ሰዓት ነው። እነሱ በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ፣ ይህን ያላሰበ ቡድን በሚቀጥለው ስብሰባ ባዶ ስክሪን ያያል።

የአንድ ሰዓት የቡድን ቪዲዮ ጥሪ 1 ጊጋባይት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሊበላ ይችላል። በስልክ ዳታ ለሚገባ ተማሪ ይህ ከባድ ወጪ ስለሆነ ካሜራ ለሰላምታ ብቻ ተከፍቶ ቀሪው በድምፅ ቢሆን ይመረጣል። መብራት ሲጠፋ የካምፓሱ ዋይፋይም ሊቋረጥ ይችላል፤ ተለዋጭ ቀጠሮ ቀድሞ ይያዝ። የዕለት ተዕለቱ ሥራ በቴሌግራም የድምፅ መልእክትና በጋራ ሰነድ ቢሄድ ኔትወርክ የተቋረጠበት ልጅ ማታም ይደርስበታል። የጋራ ሰነዱ ማን ምን እንደጻፈ ስለሚያስቀምጥ ስሙን ብቻ ያስገባውንም ለመለየት ይረዳል።

ለሥራው ከኮርሱ ውጤት 20 ከመቶ ገደማ ይመደብለት፤ ማርክ ከሌለው ሚድ ሲቃረብ የሚተወው እሱ ነው። የማስረከቢያው ቀንም በሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች የፈተና ሰሌዳ ላይ ታይቶ፣ ቀድሞ ከሚጀምረው ፋይናል ቢያንስ 2 ሳምንት በፊት ይሁን።