በቼሪ ካውንቲ ለከብት አርቢዎች የሚከፈለው የመንግሥት ድጎማ

ቼሪ ካውንቲ በአሜሪካ ነብራስካ ግዛት ሰሜናዊ ክፍል፣ ሳንድሂልስ በሚባለው ሣር የለበሰ የአሸዋ ኮረብታ ምድር ላይ የሚገኝ የገጠር አስተዳደር ነው። ስፋቱ ከ15 ሺህ 500 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የተቆጠረው ሕዝቡ ግን 5,500 እንኳ አይሞላም፤ ከዚያም ግማሽ ያህሉ የሚኖረው በመቀመጫው በቫለንታይን ከተማ ነው። አሸዋው ለማረሻ ስለማይመች አብዛኛው መሬት የግጦሽ ነው፤ ካውንቲው በሥጋ ላሞች ብዛትም ከአገሪቱ ቀዳሚ ሆኖ ይጠቀሳል። በቆሎ አምራቹ ዋጋ ሲወድቅ ሲደጎም፣ የዚህ አገር ከብት አርቢ በዋናነት የሚደጎመው ዝናብ ሲጠፋ ነው።

ከብት አርቢዎች ድጎማን ሁልጊዜ የሚሹ ሰዎች አልነበሩም። በ1933 የወጣው የግብርና ማስተካከያ ሕግ ሲረቀቅ ከብት እንዳይካተት የጠየቁት ራሳቸው ነበሩ፤ በማግስቱ ዓመት ድርቅና የዋጋ መውደቅ ሲደራረብባቸው ግን ከብት በሕጉ ገባ፣ መንግሥትም ከ8 ሚሊዮን በላይ የተጎዱ ከብቶችን ገዛ። ዛሬ ዋናው ክፍያ በ2008 የእርሻ ሕግ የተጀመረው የግጦሽ ድርቅ ካሳ ነው። ይህ ፕሮግራም በ2011 ጊዜው አብቅቶ ስለነበር፣ በ2012 ሣሩ ሲቃጠል አርቢው የሚጠይቀው ካሳ አልነበረውም፤ የ2014ቱ ሕግ ፕሮግራሙን ቋሚ አድርጎ ያለፈውን ጊዜም ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲከፈል ፈቀደ።

የክፍያው መነሻ በየሳምንቱ ሐሙስ የሚወጣው የድርቅ ካርታ ሲሆን፣ ካርታውን ከሚያዘጋጁት ተቋማት አንዱ በዚያው ግዛት በነብራስካ-ሊንከን ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ ማዕከል ነው። ከካውንቲው የትኛውም ክፍል የከፋ ድርቅ ደረጃ ላይ ከደረሰ፣ በመላው ካውንቲ ያሉ አርቢዎች ማመልከት ይችላሉ፤ ድርቁ በጠናና በቆየ ቁጥር የሚከፈልባቸው ወራት ይጨምራሉ። ለእያንዳንዱ ወር የሚሰጠው ከተሰላው የመኖ ወጪ 60 በመቶው ነው፤ ለአንድ ሰው በዓመት የሚፈቀደው ጣሪያም 125 ሺህ ዶላር ነው። ይህ አሠራር ለትንሽ ካውንቲ ችግር የለውም፤ ከኮነቲከት ግዛት ለሚሰፋውና በሁለት የሰዓት ቀጠና ለተከፈለው ለቼሪ ግን በምዕራብ ዳር የደረቀ አሸዋ፣ በምሥራቅ በኩል ዝናብ ላገኘ አርቢም የክፍያ በር ይከፍታል። ገንዘቡን የወሰደ አርቢ መኖ እንዲገዛበትም ሆነ ከብቱን እንዲቀንስ አይገደድም፤ ተቺዎች አጥብቀው የሚያነሡት ይህንኑ ነው፣ ምክንያቱም በሳንድሂልስ ሣሩ ከልክ በላይ ከተጋጠ ነፋስ አሸዋውን ቆፍሮ ጉድጓድ ያደርገዋል፤ ያ ቁስል በቶሎ አይሽርም።

በአውሎ ንፋስ ወይም በበረዶ ለሞተ ከብት የሚሰጠው ካሳ ሌላ ነው፤ እሱ በካርታ ሳይሆን በማስረጃ የሚሄድ ሲሆን፣ በተለምዶ ከአማካይ የገበያ ዋጋ 75 በመቶ ይከፈልበታል። ሁለቱንም ማመልከቻዎች የሚቀበለው የግብርና ሚኒስቴር የአካባቢ ጽሕፈት ቤት ነው፤ አርቢዎችና ገበሬዎች ከመካከላቸው የሚመርጡት ኮሚቴም በአሠራሩ ላይ ድርሻ አለው።

ከዚህ ጎን ለጎን የግጦሽ ዝናብ መድን አለ፤ ከአረቦኑ ከ51 እስከ 59 በመቶውን መንግሥት ይሸፍናል። መድኑ ካውንቲን ትቶ በትናንሽ አራት ማዕዘን ክልሎች ይሠራል፤ ካሳውም የሚሰላው በየክልሉ በሁለት በሁለት ወር በሚገመተው ዝናብ ብቻ ነው። አርቢው በግቢው አጥር ላይ የሰቀለው የዝናብ መለኪያ ባዶ ቢሆንም፣ የክልሉ አኃዝ ከመረጠው መጠን በታች ካልወረደ አንድ ሳንቲም አይከፈለውም።