እንጉርጉሮ ምንድን ነው? የግል መከራ በ12 ቀለም ሲሰፈር

እንጉርጉሮ ሰው የገዛ ችግሩን፣ ለገዛ ጆሮው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚያዜምበት ግጥም ነው። ከሙሾ ይለያል። ሙሾ ለሞተ ሰው የሚወርድ ነው፤ አልቃሽ ታወርዳለች፣ ለቀስተኛው ይቀበላል። ከቀረርቶም ይለያል፤ ቀረርቶ ደረት ተነፍቶ፣ ማዶ ድረስ እንዲሰማ የሚባል ነው። እንጉርጉሮ ግን ተቀባይ የለውም። ወፍጮ ላይ የተደፋች ሴት መጁን እየገፋችና እየመለሰች ታንጎራጉራለች፤ እረኛ ከከብቶቹ ኋላ፣ ገበሬ ከሞፈሩ ጋር፣ ዘበኛ በሌሊት እንዲሁ። ሰው ድንገት ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ ይቋረጣል።

ብዙ ሰው እንጉርጉሮን በዜማ የተደረገ ለቅሶ አድርጎ ይወስደዋል። ለቅሶ መስፈሪያ የለውም፤ እስኪወጣለት ይፈሳል። እንጉርጉሮ ይሰፈራል። መከራውን ወደ ጥበብ የሚለውጠውም ይኸው ስፍር ነው። ሰውየው «የመጨረሻዋ ቀለም ላይ ምን ይግባ?» ብሎ ማሰብ ሲጀምር፣ ከሕመሙ አንድ እርምጃ ርቆ ቆሟል ማለት ነው።

በብዛት የሚያገለግለው ስፍር የወል ቤት የሚባለው ነው። አንዱ ስንኝ 12 ቀለም፣ ማለትም በአፍ ተለይቶ የሚወጣ 12 የድምፅ ክፋይ አለው፤ መሃሉ ላይ ትንፋሽ ይወሰድና 6 ለ 6 ሆኖ በሁለት ሐረግ ይከፈላል። ሁለት ስንኝ ቤት ሲመታ፣ ማለትም መጨረሻቸው በአንድ ድምፅ ሲገጥም፣ አንድ ሐሳብ ይዘጋል። 5 ለ 5 የሚሄድ ሰንጎ መገን የሚባል ስፍርም አለ፤ ለጀማሪ ግን የወል ቤት ይሻላል፤ ጆሮው ከልጅነቱ ጀምሮ ለምዶታል።

አቆጣጠሩ ላይ ነው ስህተት የሚበዛው። የሚቆጠረው በጽሑፍ የሚታየው ፊደል ሳይሆን በአፍ የሚወጣው ድምፅ ነው። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ ድምፅ ይዞ ይቆጠራል፣ አንዳንዴ ከጎረቤቱ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። «ልብስ» ሦስት ፊደል ሆኖ አንድ ቀለም ነው፤ «ስተኩስ» አራት ፊደል ሆኖ ሦስት ቀለም ነው። በጣት እየቆጠሩ ቀስ ብሎ መጥራት ነው መፍትሔው።

አሁን ለምሳሌ ዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ ሴትን እንውሰድ። መጀመሪያ ከአፏ የሚወጣው እንዲህ ያለ ሊሆን ይችላል፦

ስደት ክፉ ነገር ስቃዬ በዛብኝ፣
በሰው አገር ሆኜ መከራው ጸናብኝ።

ስፍሩ ሞልቷል፣ ቤትም መትቷል፣ ግን ማንም ስደተኛ ሊለው ይችላል። የእሷ የሆነ ነገር የለበትም። በዚያ ላይ ቤቱ ርካሽ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያመጣ «ብኝ» በ«ብኝ»፣ «ሁ» በ«ሁ» ያለ ልፋት ይገጥማል፤ ይህ ግን የቅጥያ መመሳሰል ብቻ ነው። ጥሩ ገጣሚ ቅጥያው ሲወልቅ በሚቀረው በቃሉ ሥር ፊደል ቤት ይመታል። አሁን ደግሞ ያቺው ሴት ካውያ እንደያዘች እንያት፦

የሰው ልብስ ስተኩስ ልቤ ነው ያረረ፣
ማዳም የምትጮኸው፦ ሸሚዙ ጠቆረ!

እዚህ ስደት የሚል ቃል የለም፣ እንባ የሚልም የለም። ካውያ አለ፣ ሸሚዝ አለ፣ ጩኸት አለ። «መተኮስ» ልብስንም ጥይትንም ነው፤ «ማረር» የወጥም የአንጀትም ነው። ቤት መድፊያዋ «ረ» በ«አረረ»ም በ«ጠቆረ»ም የሥሩ ፊደል ናት። «ልቤ» ከማለት «አንጀቴ» ማለት ለአማርኛ ጆሮ ይቀርባል፤ ነገር ግን «አንጀቴ ነው ያረረ» 7 ቀለም ይሆናል። «ነው»ን አውጥቶ «አንጀቴ አረረ» ቢባል ደግሞ ሁለቱ አናባቢዎች ሲገናኙ አንዱ ይዋጥና 5 ይቀራል። እንዲህ ያለ ትንሽ ጭቅጭቅ የሥራው ግማሽ ነው።

ሁለተኛው ስንኝ ላይ የሚያስቅ ነገር መኖሩ በአጋጣሚ አይደለም። አንዷ ልቧ አርሯል፣ ሌላዋ ስለ ሸሚዝ ትጮሃለች፤ ሁለቱ ሚዛኖች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሳቁ ራሱ ይመጣል። እንጉርጉሮ ውስጥ ቀልድ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው፤ ትልቁን ነገር በትንሽ ድምፅ፣ ትንሹን ነገር በትልቅ ድምፅ በማስቀመጥ። ሌላው መንገድ ኅብረ ቃል፣ ማለትም ሁለት ትርጉም የሚሸከም ቃል ነው፦

ደውዬ ብነግራት፣ ልምጣ ወይ ብር ብዬ፣
ብሩ ይቅደም አለች፣ አንቺ ቆዪ ሆድዬ።

ስልኩን ያነሳችው እህት ናት። ናፋቂዋ እንደ ወፍ ብር ብላ ልትመጣ ነበር፤ እህቷ የሰማችው ሌላውን ብር ነው። በ«ዬ» የተመታው ቤት እንደ ፊተኛው የጠበቀ አይደለም፣ ግን ኅብረ ቃሉ ይሸከመዋል።

ሰምና ወርቅ እዚህ ላይ ከውበት ያለፈ ሥራ አለው፤ ተንጎራጓሪዋን ይሸፍናታል። ከአማቷ ጋር የምትኖር ሙሽራ ስለ አማቷ በግልጽ መናገር አትችልም፤ ስለ ድስትና ስለ ጭስ ግን ማንም አይከለክላትም። ብትጠየቅ «ጭሱ ነው ያስቸገረኝ» ትላለች። ስለዚህ ሰሙ ለብቻው ቆሞ መሄድ አለበት። ወርቁ ካልገባው ሰው ጆሮ ትርጉም የሌለው ስንኝ ከሆነ ሽፋን አልሆነም። ከተዜመ በኋላ ወርቁን ማስረዳትም ያው ነው፤ የተፈታ ኅብረ ቃል እንደ ቀዘቀዘ ቡና ነው።

አንድን የኖሩትን ነገር ወደ እንጉርጉሮ ለማምጣት ከቤት መድፊያ መነሳት አያዋጣም። መጀመሪያ የሆነውን ነገር በተራ ንግግር ከአምስት እስከ ስድስት ዓረፍተ ነገር መጻፍ ይሻላል፤ በየትኛው ክፍል፣ በስንት ሰዓት፣ እጅ ላይ ምን ነበር፣ ማን ምን አለ። እስከዚህ ድረስ ግለ ታሪክ ከሚጽፍ ሰው ሥራ ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። ግለ ታሪክ ጸሐፊ ከዚያ ወደ ማግስቱ ይሄዳል፤ ተንጎራጓሪ እዚያው አንድ ቅጽበት ላይ ይቀመጣል። ከጻፈው ውስጥ አንድ ዕቃና ሁለት ትርጉም ያለው አንድ ግስ ይመርጣል፣ ግሱን የስንኙ መጨረሻ ላይ ያኖራል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይሞላል። ከዚህ ሁሉ ከአምስት እስከ ስምንት ጥንድ ስንኝ ከወጣ ይበቃል። በዝግታ፣ ስንኙ እየተደገመና በመሃሉ መሣሪያ እየገባ ሲዜም አንዱ ጥንድ ግማሽ ደቂቃ ሊወስድ ስለሚችል፣ ስድስት ጥንድ ሦስት ደቂቃ ይሞላል።

ዜማው ከአራቱ ቅኝቶች በአንዱ ይሄዳል፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ሁሉም አምስት ድምፅ አላቸው። ዋናው ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ሚ እና ላ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉ ይበልጥ የሚቆዝመው ዓይነት ይገኛል። አምባሰል ዶ፣ ግማሽ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ግማሽ ዝቅ ያለ ላ ነው። አንቺሆዬ ላይ ሬ እና ሶል ግማሽ ስለሚወርዱ (ዶ፣ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ) ያልለመደ ድምፅ ቶሎ ይስታል፤ ለመጀመሪያ ሙከራ አይመከርም። ክራር አምስት ወይም ስድስት አውታር ስላለው ቅኝቱ አንዴ ከተስተካከለ ድምፃዊው የሚስትበት ቦታ ይጠባል። ማሲንቆ ባለ አንድ አውታር ነው፤ ከሰው ድምፅ ጋር አብሮ መንሸራተት ይችላል፣ የሚጫወተው ጆሮው ካልበሰለ ግን አብሮ ይስታል። ባለ 10 አውታሩ በገና ለመንፈሳዊው ቁዘማ የተለየ ነው።

ድምፁ ከመካከለኛው ከፍታ ይነሳና የስንኙ መጨረሻ ላይ ይወርዳል። የሚያለቅስ ድምፅ ማስመሰል ትልቁ ጥፋት ነው፤ ግጥሙ የሠራውን ድምፁ ይደግመዋል፣ ሰሚው የሚያደርገው ነገር ያጣል። በክራርና በእንጉርጉሮ ስማቸው የሚነሳውን የአስናቀች ወርቁን ቅጂዎች መስማት ለዚህ ጥሩ ትምህርት ነው፤ ኢትዮፒክስ በተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ 16ኛው የእሳቸው ብቻ ነው። ቃል የሌለው እንጉርጉሮ ይቻላል ወይ ለሚል ደግሞ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አሲናራ ደሴት የተጋዙት የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ መልስ ይሆናል፤ በእኛ ጆሮ ቢያንስ።

ሌሎቹ ብልሽቶች ትናንሽ ናቸው። ስፍር ለመሙላት «እኮ»፣ «እንዲያው»፣ «ግን» እየሰኩ መሄድ አንዱ ነው፤ በአንድ ጥንድ ከአንድ በላይ ከሆነ ግጥሙ ይላላል። በየስንኙ ኅብረ ቃል መደርደር ሌላው ነው፤ ሰሚው እንቆቅልሽ ሲፈታ ዜማው ያልፈዋል፣ ከስድስት ጥንድ ሁለቱ ላይ ቢኖር በቂ ነው። የበደለውን ሰው በስም መጥራት ደግሞ እንጉርጉሮውን ወደ ክስ ይለውጠዋል። የጥንቶቹ ለዚህ ዘዴ ነበራቸው፤ ሆድን፣ ዓይንን፣ ልብን ይጠሩና ለእነሱ ይናገራሉ። «አንቺ ሆዴ» ተብሎ የተጀመረ ስንኝ ወደ ማን እንደሚሄድ ባለቤቱ ያውቃል። ቁስሉ ገና ትኩስ ከሆነና ሁለት ስንኝ ሳይሄዱ ድምፅ የሚቆረጥ ከሆነ ደግሞ የጻፉትን አጥፎ ማስቀመጥ ነው፤ በኋላ ሲመለሱበት መጀመሪያ የሚሰረዘው ስንኝ አብዛኛውን ጊዜ «በጣም» የሚል ቃል ያለበት ነው።