ግብር ሁሉ ዋጋ ላይ አይወጣም

ጅማ ሒርማታ ገበያ በቆሎ የሚሸጥ ሰው ዋጋ ሲጨምር «ግብር ተጨምሮብን ነው» ይላል። አንዳንዴ እውነቱን ነው፣ አንዳንዴ ሰበብ ነው። ለመለየት እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ዴቪድ ሪካርዶ በ1817 እ.ኤ.አ. ያነሳውን ጥያቄ እናንሳ፦ ግብሩ የተጣለው ምን ላይ ነው?

ሁለት ማሳ እናስብ። በለሙ ማሳ አንድ ኩንታል በቆሎ፣ የአራሹን መደበኛ ትርፍ ጨምሮ፣ 1,000 ብር ይፈጃል፤ በጭንጫው 1,500። ከተማው የሁለቱንም እህል ከፈለገ ዋጋው ከ1,500 አይወርድም፤ ከወረደ ጭንጫውን የሚያርስ አይገኝም። ከለሙ ማሳ የሚተርፈው 500 ብር ለባለመሬቱ ይገባል፤ የመሬት ኪራይ የሚባለው ይኸው ነው። (እኛ ጋ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ «ባለመሬት» ያልኩት ለምሳሌ ያህል ነው።)

መንግሥት ከኪራዩ ላይ 200 ብር ቢወስድስ? ጭንጫው ኪራይ ስለሌለው አይነካም፤ ዋጋው እዚያው 1,500 ላይ ይቆያል፣ የሚጎዳው ባለመሬቱ ብቻ ነው። ያው 200 ብር በየኩንታሉ ላይ ከተጣለ ግን ጭንጫውም ይከፍላል፤ ዋጋው 1,700 ይገባል፣ ከፋዩም በላተኛው ይሆናል።

በቆሎ ያልኩት አውቄ ነው። የቡና ዋጋ የሚቆረጠው በዓለም ገበያ ስለሆነ የጅማ ገበሬ ግብሩን ወደ ገዢው ማሻገር ይከብደዋል።

በደመወዝ ግብር ላይ ክርክር አለ። ከሪካርዶ የቀደመው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አዳም ስሚዝ በ1776 እ.ኤ.አ. ወደ ፋብሪካ ዕቃ ዋጋ ይሻገራል አለ፤ ሪካርዶ ደግሞ የሚበላው የአሠሪውን ትርፍ ነው ብሎ ተቃወመው።